ሰላም ይሰናዳል! ጎራሚን ከጎረቤቶቹ ጋር የማኖር ጥበብ

ወዳጄ፣ ቤትህ ውስጥ ሰላም ትፈልጋለህ?

ማን የማይፈልግ አለ! ግን ልጠይቅህ። ሰላምን ታሰናዳለህ ወይስ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ?

ብዙ ሰው ይጠብቃል። አኳሪየም ይገዛል፣ ውሃ ይሞላል፣ በዚያው ቀን ዓይኑ ያረፈባቸውን ዓሣዎች ሁሉ ሰብስቦ ይጨምራል። ከዚያ «መቼም ይስማማሉ» ይላል። አይስማሙም! በሳምንቱ አንዱ ጥግ ይዞ ይደበቃል። የሌላው ክንፍ ተበጣጥሷል። ሦስተኛው ጭራሽ የለም። ሰውየውም «ዓሣ አይሆንልኝም» ብሎ ገንዳውን ጋራዥ ውስጥ ይወረውረዋል።

ይሆንልሃል! የጎደለው ዕድል አይደለም። ዝግጅት ነው።

ዛሬ ጎራሚ ስለሚባል ውብ ዓሣ እነግርሃለሁ። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ወይም ሃሚልተን ሮድ አካባቢ ባለች አፓርታማህ ከሌሎች ዓሣዎች ጋር በሰላም ልታኖረው ትችላለህ። ባለሙያ መሆን አይጠበቅብህም። ሀብታም መሆንም አይጠበቅብህም። መወሰን ብቻ!

መጀመሪያ እወቀው

የማታውቀውን ፍጥረት ልታስማማ አትችልም። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ተማር።

ጎራሚ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓሣ ነው። ከሕንድና ከባንግላዴሽ እስከ ታይላንድ፣ ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ድረስ፣ ቀስ ብሎ በሚፈስ ወይም በረጋ፣ ሣርና ቅጠል በሞላበት ውሃ ውስጥ ይኖራል። እንዲህ ያለ ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅኑ ያንሳል። ብዙ ዓሣ እዚያ ይታፈናል። ጎራሚ ግን ከስንጥቡ በላይ ላቢሪንት የሚባል እጥፍጥፍ ያለ አካል አለው። ወደ ላይ ብቅ ይላል፣ አየር ይጎርሳል፣ ተመልሶ ይጠልቃል።

የሩቅ ዘመዶቹ እኛም አገር አሉ። በጋምቤላ በኩል በባሮ ተፋሰስ የሚገኙት ቴኖፖማ የሚባሉ ዓሣዎች እንደ ጎራሚ አየር ይተነፍሳሉ።

ሁለተኛውን ነገር ልብ በል። ከሆዱ ሥር ክር የመሰሉ ሁለት ቀጫጭን ክንፎች አሉት። ወደፊት እየዘረጋ ድንጋዩን፣ ቅጠሉን፣ ጓደኛውን ይዳስስባቸዋል። አዲስ ዓሣ ሲመጣ ቀረብ ይልና በሁለቱ ክሮች ዳሰስ ዳሰስ ያደርገዋል። መንከስ ለሚወድ ዓሣ ግን እነዚህ ክሮች ከትል አይለዩም። ይህን ያዝልኝ፤ ጎረቤት ስትመርጥለት ይጠቅምሃል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። አብዛኞቹ ጎራሚዎች ሲዋለዱ ወንዱ ውሃው ፊት ላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራል። አየር ይጎርሳል፣ በአፉ ዝልግልግ ፈሳሽ ይሸፍነዋል፣ አረፋ አድርጎ ይተፋዋል። አንድ፣ ሁለት፣ መቶ ጊዜ! ድንክ ጎራሚ የሚባለው ደግሞ የቅጠል ቁርጥራጭ እየለቀመ ጎጆውን ያጠናክራል። እንቁላሉ ጎጆው ውስጥ ከገባ በኋላ ወንዱ ጠባቂ ይሆናል። የሚጠጋውን ሁሉ ያባርራል። እናቲቱን እንኳ!

ታዲያ ጎራሚ ክፉ ነው? በፍጹም! ልጆቹን የሚጠብቅ አባት ነው።

ጠባዩን መለወጥ አትችልም። ቦታውን፣ ቁጥሩንና ጎረቤቱን የምትወስነው ግን አንተ ነህ። በማትችለው አትብሰልሰል። በምትችለው ላይ አተኩር!

ሱቅ ሳትሄድ ምረጥ

ሱቅ ውስጥ የሚመርጥልህ ዓይንህ ነው። ቤትህ ተቀምጠህ ስትመርጥ ግን ጭንቅላትህ ይሠራል። ስለዚህ ዝርዝርህን እቤት ጻፍ።

ጀማሪ ነህ? ሃኒ ጎራሚ ውሰድ። 5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ናት። የማር መልክ አላት፣ ረጋ ያለች ናት፣ ማንንም አታስቸግርም።

ሰፋ ያለ ገንዳ አለህ? ፐርል ጎራሚ አለልህ። እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ሰውነቱን ነጫጭ ነጠብጣቦች ሞልተውታል። ወንዱ ሲያድግ ጉሮሮውና ደረቱ ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። ትልቅ ሆኖ ጨዋ ነው።

ድንክ ጎራሚ፣ ማለትም ድዋርፍ ጎራሚ፣ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ወንዱ በቀይና በሰማያዊ መስመር የተዋበ ነው፤ ሴቷ ብርማ ናት። ሁለት ወንድ ግን ትንሽ ገንዳ ውስጥ አታስገባ። ደግሞም ይህን ዝርያ የሚያጠቃ አይሪዶቫይረስ የሚባል መድኃኒት የሌለው በሽታ አለ። ስለዚህ ሻጩን ጠይቅ። «እነዚህ ከመጡ ስንት ቀናቸው?» በል። የቆዩትን፣ የሚበሉትን፣ ንቁዎቹን ምረጥ። ሆዱ ያበጠ ወይም ቀለሙ የደበዘዘ ካየህ ከዚያ ገንዳ ምንም አትግዛ።

ብሉ፣ ጎልድና ኦፓላይን ተብለው የሚሸጡት ደግሞ ሦስት የተለያዩ ዓሣዎች እንዳይመስሉህ። ሦስቱም አንድ ዝርያ ናቸው፤ ስሙ ስሪ ስፖት ጎራሚ ነው። ሱቅ ውስጥ ትንሽና ገራም ነው። አድጎ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ግን የገንዳው አለቃ መሆን ይወዳል። ከትንንሽና ከዓይን አፋር ዓሣዎች ጋር አታኑረው።

ጃያንት ጎራሚንስ? እለፈው! ሲሸጥ ጣትህን አያህልም፤ ሲያድግ ግን 70 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ነገ የማትችለውን ዛሬ ቤትህ አታስገባ።

አሁን አንድ ሕግ ያዝ። በ20 ጋሎን ገንዳ አንድ ወንድ ብቻ! ከፈለግህ ከሁለት ሴቶች ጋር። አንዷ ሴት ስትባረር ሌላዋ ታርፋለች። ሁለት ወንድ ካስገባህ ጠቡን ያመጣኸው አንተ ነህ።

ቦታ ስጣቸው

አንድ ገንዳ ውስጥ ዓሣዎች ለምን ይጣላሉ? ብዙውን ጊዜ የሚሸሹበት ስለሌላቸው ነው።

ለጀማሪ 20 ጋሎን ሎንግ የሚባለውን እመክርሃለሁ። ርዝመቱ 30 ኢንች፣ ወርዱና ቁመቱ 12 ኢንች ነው። ወደ 75 ሊትር ይይዛል። ለምን ረጅሙን እንጂ ከፍ ያለውን አልመረጥሁም? ጎራሚ የሚኖረው፣ የሚተነፍሰውና ጎጆ የሚሠራው ውሃው ፊት ላይ ነው። የላዩ ስፋት የእሱ መሬት ነው። መሬቱን አስፋለት!

ውሃ፣ ጠጠርና ገንዳው ሲደመር 100 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ የቴሌቪዥን ኮመዲኖ አይበቃውም። ለዚሁ የተሠራ ጠንካራ ማስቀመጫ ግዛ። ከመስኮትና ከሂተር አየር መውጫ ራቅ አድርገህ አኑረው። የኮሎምበስ ክረምት በመስኮት በኩል እንዴት እንደሚገባ ታውቃለህ።

ከዚያ እይታውን ጋርድ። ድንጋይ አድርግ፣ የእንጨት ግንድ አስገባ፣ ከኋላ ረጃጅም ተክሎች ትከል። ከአንዱ ጫፍ ቆሞ እስከ ሌላው ጫፍ ማየት እንዳይችል አድርግ። ጎራሚ የማያየውን አያባርርም። ይህ ብቻ ግማሹን ጠብ ያስቀራል!

ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ተክልም ጨምር። ጥላ ይሰጣል፣ ለአረፋው ጎጆ መያዣ ይሆናል፣ ዓይን አፋሩን ያደፋፍራል። ግን ቃል ግባልኝ። ትርፉን ተክል ሳዮቶ ወንዝ ወይም ኦለንታንጂ ወንዝ ውስጥ አትጣል። ዓሣም አትልቀቅ። እንቦጭ የተባለው አረም ጣና ሐይቅን ምን እንዳደረገው እኛ እናውቃለን። እንቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገበሬው በእጁ እየነቀለ፣ ጀልባና ማሽን እየገባ፣ ዛሬም ትግሉ አላለቀም። አንተ ለምትኖርበት አገር ውሃ ተቆርቋሪ ሁን።

ክዳኑን አትርሳ! ጎራሚ ይዘላል፤ ያመልጣል። ደግሞም የሚጎርሰው አየር ሞቅ ያለና እርጥብ መሆን አለበት። ክዳን ከዓሣው በላይ ያለውን አየር ያሞቅልሃል። ውሃውን ግን እስከ ክዳኑ አትሙላ። የሚተነፍስበት ክፍተት ተውለት።

ፊልተሩ ይሥራ፤ ግን አያናውጥ። ጎራሚ የረጋ ውሃ ልጅ ነው። ኃይለኛ ፍሰት ያደክመዋል፣ ጎጆውንም ያፈርስበታል። ስፖንጅ ፊልተር በጣም ይስማማዋል።

ሂተሩን ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ወይም ከ77 እስከ 80 ፋራናይት ላይ አድርገው። ቴርሞሜትር ለጥፍበት። በግምት አትኑር!

ታገስ! ባዶው ገንዳ እየሠራ ነው

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ደረስን።

ገንዳው ተሞላ። ውሃው ጥርት ብሏል። ዓሣ ላስገባ? አታስገባ! እንግዳ ከመጥራትህ በፊት ቤት ታሰናዳ የለም እንዴ?

ምክንያቱን ስማ። ዓሣ ከሰውነቱ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። ተፈጥሮ ግን መላ አላት። አንድ ዓይነት ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በጣም ካልበዛ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ፊልተርህ ውስጥ ተራብተው እስኪበቁ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል።

ምን ታደርጋለህ? ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ንጹህ አሞኒያ በጠብታ ትጨምራለህ። በቴስት ኪት ትለካለህ። የጨመርከው አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ዜሮ ሲሆን፣ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን፣ ናይትሬት ብቻ ሲታይ፣ ቤቱ ተሰናድቷል። የተጠራቀመውን ናይትሬት ለመቀነስ አብዛኛውን ውሃ ቀይረህ ዓሣ ማስገባት ትጀምራለህ።

ስድስት ሳምንት ባዶ ገንዳ ማየት ይከብዳል? ይከብዳል። ግን ተመልከት። ዓይንህ ምንም ሳያይ ሥራው እየተሠራ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው። እንግሊዝኛህም፣ የሙያ ፈቃድህም፣ ቁጠባህም የሚያድገው እንዲሁ ነው። መጠበቅን እንደ ባከነ ጊዜ የሚቆጥር ሰው በመንገድ ላይ ይቀራል። መጠበቅን እንደ ሥራ የሚይዝ ሰው ግን ይደርሳል።

አንተ ሥራው አድርገው!

የኮሎምበስን ውሃ እወቅ

«የእኛ ከተማ ውሃ ለዓሣ ይሆናል?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ይሆናል! እንዲያውም ይህ ውሃ ራሱ የሚያነቃቃ ታሪክ አለው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኮሎምበስ በታይፎይድ ትሠቃይ ነበር። ከሳዮቶ ወንዝ የሚመጣው ውሃ በጀርም የተበከለ፣ በካልሲየምና በማግኒዥየምም የከበደ ነበር። ከተማዋ እጇን አልሰጠችም። አጠናች፣ ሞከረች፣ ለካች። በ1908 ውሃን በአንድነት የሚያለዝብና የሚያጣራ ጣቢያ ሥራ አስጀመረች። በዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነበር። ታይፎይድም ቁልቁል ወረደ። ክላረንስና ቻርልስ ሁቨር የተባሉ ወንድማማቾች ለዚህች ከተማ ውሃ ብዙ ዓመት ደክመዋል። በ1955 የተመረቀውና ዌስተርቪል አጠገብ ያለው የሁቨር ግድብ የተሰየመው በእነሱ ነው።

አየህ? በየቀኑ ቧንቧ የምትከፍተው በእነዚያ ሰዎች ትዕግሥት ላይ ነው።

ለአንተ ገንዳ ይህ ምን ማለት ነው? ከተማዋ ውሃውን አለዝባ በአማካይ ወደ 120 ሚሊግራም በሊትር ጥንካሬ ታወርደዋለች። መካከለኛ ነው። ፒ ኤች ከ7 ከፍ ይላል። በዓሣ ማራቢያ ያደጉ የተለመዱት ጎራሚዎች ይህን ይለምዱታል። ስለዚህ ፒ ኤች ለማስተካከል ኬሚካል ስትጨምር አትዋል። የሚዋዥቅ ውሃ ከፍ ካለ ፒ ኤች ይልቅ ይጎዳል። ጽናት ከፍጹምነት ይበልጣል!

አንድ ነገር ግን አትዝለል። ክሎሪን! ለአንተ ጤና የተጨመረው ክሎሪን የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል፣ ያሳደግሃቸውንም ባክቴሪያዎች ይገድላል። ዋተር ኮንዲሽነር የሚባለውን ፈሳሽ ግዛ። ውሃ በቀየርህ ቁጥር ጨምር። ሁልጊዜ! ሳታሰልስ!

የቧንቧህንም ውሃ ለካ። በጁን 2015 ከእርሻ ማዳበሪያ የተነሣ በሳዮቶ ውሃ ናይትሬት ከፍ ብሎ ከተማዋ ለነፍሰ ጡሮችና ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ማስጠንቀቂያ አውጥታ ነበር። በጸደይና በበጋ መግቢያ ላይ ቴስት ኪትህን ከገንዳው ብቻ ሳይሆን ከቧንቧውም አቅርበው። ያወቀ አይደነግጥም።

ጎረቤት ምረጥለት

ኮሎምበስን ዞር ብለህ ተመልከት። ኢትዮጵያዊው፣ ኤርትራዊው፣ ሶማሌው፣ ከቡታን የመጣው ኔፓልኛ ተናጋሪ፣ ጋናዊው በአንድ ሕንፃ ይኖራሉ። ሰላም የሚሆነው ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው? አይደለም! ሁሉም የራሱ በር ስላለው ነው።

ገንዳህም እንዲሁ ይሁን። ጎራሚ ላዩን ይይዛል። አንተ መካከሉንና ታችኛውን ሙላ።

ለመካከል ሃርለኩዊን ራስቦራ ወይም ኤምበር ቴትራ። ለታች ኮሪዶራስ ወይም ኩሊ ሎች። ግን በቡድን! ቢያንስ ስድስት ስድስት። ብቻውን የሆነ ኮሪዶራስ ይፈራል፤ ስድስት ሲሆን ይፈነድቃል። የምትመርጠው ዝርያ ይነስ፤ የእያንዳንዱ ቁጥር ግን ይብዛ።

እምቢ የምትለው ማንን ነው? ታይገር ባርብንና ሰርፔ ቴትራን። ክንፍ ይነክሳሉ። እነዚያን ሁለት ክሮች አስታወስህ? በመጀመሪያው ቀን ይለቃቅሟቸዋል። ወንድ ቤታንም እምቢ በል፤ የጎራሚ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ በዚያው የውሃ ፊት ላይ ይፋለማሉ። የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቅ ሲክሊዶችንም እምቢ በል። ጎልድፊሽንም፤ እሱ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል።

«እምቢ» ማለት ተማር። ሁሉን እሺ የሚል ሰው ሰላም የለውም፤ ሁሉን የሚጨምር ገንዳም እንዲሁ።

ቅደም ተከተሉም ይወስናል። መጀመሪያ ትንንሾቹንና ገራሞቹን አስገባ። ሁለት ሦስት ሳምንት ይልመዱ። ጎራሚን መጨረሻ ላይ አስገባ። ለምን? ቀድሞ የገባ ገንዳው ሁሉ የእኔ ነው ይላል። መጨረሻ የገባ ግን ባለቤት እንዳለ አይቶ ይገባል።

ምልክቱን አንብብ

ማታ ምግብ ስትሰጥ አምስት ደቂቃ ቁም። ስልክህን አስቀምጥ። ተመልከት።

ጎራሚው በክሮቹ ሌላውን እየዳሰሰ ከሆነ ደህና ነው። አጠር ያለ አባሮሽ፣ ከዚያ ዝምታ ከሆነም ደህና ነው። ሥርዓት እያበጁ ነው። ግን አንድ ዓሣ ሁልጊዜ ከሂተሩ ጀርባ ከቆመ? ቀለሙ ከደበዘዘ? ለምግብ ካልወጣ? ክንፉ ከተበጣጠሰ? ይህ ሥርዓት አይደለም። ጭቆና ነው።

አትጠብቅ። እርምጃ ውሰድ!

አንደኛ፣ ድንጋዩንና ተክሉን አዛውር። ድንበሩ ሲጠፋ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ተንሳፋፊ ተክል ጨምር። ሦስተኛ፣ አጥቂውን ገንዳው ውስጥ በሚንጠለጠል መለያ ሣጥን ለጥቂት ቀን ለየው፤ ከዚያ መልሰው። አራተኛ፣ ካልሆነ ወደ ሱቅ መልሰው ወይም ሌላ ገንዳ ላለው ሰው ስጠው። ይህ ሽንፈት አይደለም። የሌሎቹን ሰላም ማስከበር ነው።

ልማድ አድርገው

ወኔ ያስጀምራል። የሚያደርሰው ልማድ ነው።

ዌርሃውስ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለህ? አንድ አካል ጉዳተኛ ወይም አረጋዊ ትንከባከባለህ? ኡበር ትነዳለህ? ጊዜ የለኝም አትበለኝ! ይህ ሥራ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው።

ቀን ምረጥ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊሆን ይችላል፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ወስን፤ ከዚያ በየሳምንቱ እንደገና አትከራከር።

ሥራው ይኸው። ከ20 ጋሎን 5 ጋሎን ታወጣለህ። አንድ ባልዲ ማለት ነው። በጠጠሩ ላይ የተከማቸውን ቆሻሻ በሳይፈን ቱቦ ትስባለህ። በባልዲው አዲስ ውሃ ትሞላለህ፣ ኮንዲሽነር ትጨምራለህ። በጃንዋሪ የኮሎምበስ ቧንቧ ውሃ አጥንት ይሰብራል፤ ስለዚህ ሙቅ ውሃ ቀላቅለህ በቴርሞሜትር ከገንዳው ጋር ታስተካክለዋለህ። ቀስ ብለህ ታፈስሳለህ። ጨረስህ!

የፊልተሩን ስፖንጅ ሲቆሽሽ እጠበው፤ ግን ከገንዳው ባወጣኸው ውሃ። በቧንቧ ውሃ ካጠብኸው የስድስት ሳምንት ልፋትህን በክሎሪን ትገድለዋለህ።

ምግብ ጥቂት ይሁን። በሁለት ደቂቃ ጨርሰው የሚበሉትን ብቻ ስጥ። ከፍሌክስ ሌላ የቀዘቀዘ አርጤሚያ (ጥቃቅን ሽሪምፕ) እና የተቀቀለ አተር አፈራርቅላቸው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ምንም አትስጥ። ጤነኛና ያደገ ዓሣ በአንድ ቀን ጾም አይጎዳም፤ ሆዱም ውሃውም ያርፋል። እኛ ጾምን እናውቃለን። ከብዶ አይታይህም።

መብራቱን በታይመር አድርገው፤ በቀን 8 ሰዓት ይበቃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከፈረቃ የምትገባ ከሆነ በዚያ ሰዓት እንዲበራ አድርግ። ደክመህ ስትገባ ጎራሚዎችህ ነቅተው ይጠብቁሃል። እንቅልፍ ሳይወስድህ አሥር ደቂቃ እያቸው። ራስህን የምታሳርፍበት ጊዜ የቅንጦት አይደለም። ያስፈልግሃል!

ለክፉ ቀንም ተዘጋጅ። በጁን 2022 ከማዕበል በኋላ፣ በከባድ ሙቀት ጊዜ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ብዙ ሰፈሮች መብራት ጠፍቶባቸው ነበር። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ ይቆማል፣ ኦክስጅን ያንሳል። ጎራሚ አየር ስለሚጎርስ ይቋቋማል። ራስቦራና ቴትራ ግን በአንተ ዝግጅት ይድናሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ገዝተህ መሳቢያ ውስጥ አኑር። የደጉን ቀን ለክፉው ተጠቀምበት።

ልጆችህን አሳትፍ

ልጆች ካሉህ ይህን ብቻህን አታድርገው።

ለትንሹ ልጅ ቆጠራውን ስጠው። በየማታው ዓሣዎቹን ይቁጠር። በአማርኛ ይቁጠር! ለትልቋ ቴስት ኪቱን ስጣት። ጠብታ ትቁጠር፣ ቀለሙን ከካርዱ ታስተያይ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጻፍ። ኬሚስትሪ በክፍል ሲመጣ አይከብዳትም፤ አሞኒያን ቤቷ ታውቀዋለች።

አንድ ቀን ኮሎምበስ ዙ ኤንድ አኳሪየም ውሰዳቸው። ከ1927 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው። ትልቁን የኮራል ገንዳ አሳያቸው። ከዚያ ጠይቃቸው። «ይህን ሁሉ ዓሣ በሰላም የሚያኖረው ምን ይመስላችኋል?» በላቸው። ማጣራት፣ መለካት፣ በሰዓቱ መመገብ መሆኑን ራሳቸው ይድረሱበት። ቤታቸው ውስጥ የሚሠሩት ያንኑ ሥራ እንደሆነ ሲገባቸው ይኮራሉ። አንተም ትኮራለህ።

ልጅ ኃላፊነትን በምክር አይማርም። የሚማረው ኃላፊነት ሲሰጠው ነው።

አሁን ተነሣ!

ስለዚህ ወዳጄ፣ ሰላም ስጦታ ሆኖ እስኪመጣ አትጠብቅ። ሰላም ቦታ ይፈልጋል። ቅደም ተከተል ይፈልጋል። እምቢ የሚል አንደበትና በየሳምንቱ የሚነሣ እጅ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ አንተ ጋር አሉ!

ገንዳ ውስጥ ይህን ያደረገ ሰው ሌላም ቦታ ያደርገዋል። ትዳሩ ውስጥ ለሚስቱ ቦታ ይሰጣል። ሥራው ላይ ምልክቱን ቀድሞ ያነባል። ነገር ሲከር ቆሞ አያይም፤ ድንጋዩን ያዛውራል።

ዛሬ ማታ ሦስት ነገር አድርግ።

ሜትር ይዘህ ግድግዳህን ለካ፤ 30 ኢንች የሚበቃ ቦታ ፈልግ።

የምታኖራቸውን ዓሣዎች ስም በወረቀት ጻፍ፤ አንድ ዓይነት ጎራሚ፣ ሁለት ዓይነት ጎረቤት፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

ካላንደርህን ክፈት። ገንዳውን ውሃ የምትሞላበትን ቀን ምልክት አድርግ። ከዚያ ስድስት ሳምንት ቁጠርና የመጀመሪያዎቹን ዓሣዎች የምታስገባበትን ቀን አክብብበት።

ቀኑ ተጻፈ? እንግዲያው ጀምረሃል። ቀጥል!